ሲዲ 4፦ የአንድ በራሂ ታሪክና የልክ ጥያቄ

1. መግቢያ

በፈተና ወረቀት ላይ የሚሰፍር ቁጥር ተማሪውን ራሱን እንዳልሆነ ማንኛውም መምህር ያውቃል። 50 ያገኘ ያልፋል፤ 49 ያገኘ ይወድቃል። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በአንድ ወቅትና በአንድ ስፍራ የነበሩ ሰዎች፣ የተወሰኑ ተፈታኞችን አይተው ያሰመሩት ነው። መስመሩ አንዴ ከተሰመረ በኋላ ግን አመጣጡ ይረሳና እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቆጠራል።

ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው ስለ ሌላ ዓይነት መስመር ነው። በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል በጀመረበት በ2005 እና በተከታዮቹ ዓመታት፣ በየሆስፒታሉ ወረፋ የያዘ ሕመምተኛ በስጋት ይጠብቀው የነበረ አንድ የላቦራቶሪ ውጤት ነበር። ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ደም ውስጥ የሚገኙትን «ሲዲ 4» የተባለ ምልክት ያላቸውን ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር የሚገልጽ ነው። ቁጥሩ ከ200 በታች የወረደ እንደሆነ መድኃኒት ይጀመርለት ነበር፤ ከዚያ በላይ የሆነና የበሽታው ጽኑ ምልክት ያልታየበት ሰው ግን ክትትል እያደረገ እንዲቆይ ይነገረው ነበር።

ሲዲ 4 ምንድን ነው? እንዴትስ ተገኘ? ይህን ያህል ኃይል የተሰጠው ቁጥርስ በማን አካል ላይ የተለካ ነበር? የጽሑፉ ዓላማ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በታሪክ ቅደም ተከተል መመርመርና ከዚያ ለትምህርት ሥራ የሚጠቅመውን ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. አንድ የሚመስሉ ሕዋሳትና የተለያየ ሥራቸው

እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ፣ ከደረት አጥንት በስተኋላ የሚገኘው ታይመስ የተባለው ዕጢ ይህ ነው የሚባል አገልግሎት እንደሌለው ይታመን ነበር። ዣክ ሚለር የተባለ ተመራማሪ በ1961 ለንደን ላይ ይህን ዕጢ ገና ከተወለዱ አይጦች አውጥቶ አድገው ሲመለከታቸው፣ በሽታን የመከላከል ችሎታቸው እጅግ ተዳክሞ አገኘው። ከዚህ በኋላ በተደረጉት ጥናቶች በታይመስ ውስጥ የሚበስሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከዕጢው ስም የመጀመሪያ ፊደል ተወስዶላቸው «ቲ ሕዋሳት» ተባሉ።

ብዙም ሳይቆይ የቲ ሕዋሳት ሥራ አንድ ወጥ አለመሆኑ ታወቀ። አንዳንዶቹ በቫይረስ የተያዙ ሕዋሳትን በቀጥታ ይገድላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ራሳቸው ከመግደል ይልቅ የቀሩትን የመከላከያ ሕዋሳት ይቀሰቅሳሉ፣ ያስተባብራሉ፣ ያግዛሉ፤ በዚህም ምክንያት «አጋዥ ቲ ሕዋሳት» የሚል ስም አግኝተዋል። ችግሩ ሁለቱም ወገኖች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ፍጹም አንድ መምሰላቸው ነበር። አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ለብሰው በአንድ ሰልፍ የቆሙ ተማሪዎችን፣ ማን ከየትኛው ክፍል እንደ መጣ በዓይን ብቻ ለይቶ ማውጣት እንደማይቻል ሁሉ፣ ተመራማሪዎችም ሕዋሳቱን ለመለየት ምልክት ያስፈልጋቸው ነበር።

ምልክቱን ለማግኘት የሚያስችለው መሣሪያ በ1975 ተሠራ። ጆርጅ ኬለርና ሴዛር ሚልስታይን በእንግሊዝ አገር ኬምብሪጅ ውስጥ፣ በአንድ የፕሮቲን ክፍል ላይ ብቻ ለይቶ የሚጣበቅ አንድ ወጥ ፀረ እንግዳ አካል በፈለጉት መጠን የሚያመርቱበትን ዘዴ አገኙ። ለዚህም ሥራቸው በ1984 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በዚሁ ዘዴ በመጠቀም ኤሊስ ራይንኸርዝ፣ ስቱዋርት ሽሎስማንና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1979፣ ከሰው የቲ ሕዋሳት መካከል በአጋዦቹ ላይ ብቻ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል ማግኘታቸውን አሳወቁ። ፀረ እንግዳ አካሉ የሚይዘው የገጽ ፕሮቲን «ቲ 4» ተባለ።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ያገኘውን ፕሮቲን በገዛ ራሱ ስም ይጠራ ስለ ነበር አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ለመረዳት ይቸገር ነበር። በ1982 ፓሪስ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ስብሰባ የጋራ የአሰያየም ሥርዓት ተጀመረ፤ ቲ 4ም በዚህ ሥርዓት ሲዲ 4 የሚለውን መጠሪያ ያዘ። ከዚህ እንደምንረዳው ስያሜው ስለ ፕሮቲኑ ጠባይ ምንም አይናገርም፤ በስምምነት የተሰጠ የመዝገብ ቁጥር ነው።

3. በሽታው ሕዋሱን አሳወቀ

ሲዲ 4 የልዩ ሊቃውንት ጉዳይ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ነገር ግን በሰኔ ወር 1981 በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ አምስት ወጣት ወንዶች፣ ጤነኛ ሰው ከቶ በማይይዘው የሳንባ ምች መያዛቸው ይፋ ሆነ። የሕመምተኞቹ ደም በአዲሶቹ ፀረ እንግዳ አካላት ሲመረመር አጋዥ ቲ ሕዋሳታቸው ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሕዋሳቱን ለይቶ መቁጠሪያው ዘዴ የተገኘው ወረርሽኙ ከመታወቁ ከሁለት ዓመት በፊት ብቻ መሆኑ ነው። በሽታው ከዐሥር ዓመት በፊት ተከስቶ ቢሆን ኖሮ፣ የትኛው ሕዋስ እንደ ጠፋ ለማወቅ ባልተቻለ ነበር። የኤድስን ስም ማንም ሳያውቅ፣ ለዕውቀት ሲባል ብቻ የተሠራ ምርምር ለመጣው መከራ አስቀድሞ የተዘጋጀ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ።

በ1983 ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲ፣ ሉክ ሞንታኜና ባልደረቦቻቸው በኋላ ኤች አይ ቪ የተባለውን ቫይረስ ለይተው አወጡ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ቫይረሱ ስለ ምን ከሌሎች ሕዋሳት ሁሉ መርጦ አጋዥ ቲ ሕዋሳትን ያጠቃል የሚል ነበር። በታኅሣሥ ወር 1984 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ከለንደን ሌላው ከፓሪስ፣ በአንድ መጽሔት ላይ ጎን ለጎን መልሱን አወጡ። የለንደኑ ቡድን 155 ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላትን በየተራ ሞክሮ፣ የቫይረሱን ሥራ ሊያግዱ የቻሉት በሲዲ 4 ላይ የሚጣበቁት 14ቱ መሆናቸውን አሳየ። ይህም ማለት ቫይረሱ ወደ ሕዋሱ የሚገባው ሲዲ 4ን ይዞ ነው፤ በሩ በፀረ እንግዳ አካል ሲሸፈንበት መግባት ይሳነዋል ማለት ነው።

በዚያው በ1984 የተሰበሰቡ የደም ናሙናዎች ቫይረሱ ወደ ኢትዮጵያም መግባቱን አመልክተዋል። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአገራችን የታወቁት በ1986 ነበር።

4. በራሂው ተነበበ፤ አንድ ሙከራም ሳይሳካ ቀረ

የሰውነት ፕሮቲን ሁሉ አሠራሩ የተጻፈበት መመሪያ በዘር ንጥረ ነገር ውስጥ ይገኛል፤ ይህም መመሪያ በራሂ ወይም በተለመደው አጠራር ጂን ይባላል። በ1985 ፖል ማደን፣ ዳን ሊትማን፣ ሪቻርድ አክስልና ባልደረቦቻቸው የሲዲ 4ን በራሂ ለይተው አውጥተው ሙሉ ቅደም ተከተሉን አነበቡ። በራሂው የሚገኘው በ12ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮቲን በ458 አሚኖ አሲዶች የተገነባ ሲሆን፣ አራት ተከታታይ እጥፋቶቹ ከሕዋሱ ገጽ ወደ ውጭ ይዘልቃሉ፤ አጭር ጭራው ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሲዲ 4 የተፈጠረው ለቫይረስ በር እንዲሆን አይደለም። ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት በሰውነት ውስጥ ያገኙትን የባዕድ አካል ቁራጭ በገጻቸው ላይ አስቀምጠው ለአጋዥ ቲ ሕዋሳት ያሳያሉ። አጋዡ ሕዋስ ቁራጩን በዋናው ተቀባይ ሲመረምር፣ ሲዲ 4 ቁራጩን የተሸከመውን ፕሮቲን ከጎን ይይዛል፤ በውስጥ ጭራውም ለሕዋሱ የመነሣት ምልክት ያስተላልፋል። ቫይረሱ ይህን መልካም መያዣ ለክፉ ተግባሩ ተጠቀመበት።

ተመራማሪዎቹ በራሂውን ካገኙ በኋላ በ1986 ወሳኝ ሙከራ አደረጉ። ሲዲ 4 የሌላቸውንና ቫይረሱ የማይዛቸውን የሰው ሕዋሳት ወስደው በራሂውን ሲያስገቡባቸው፣ ሕዋሳቱ በቫይረሱ የሚያዙ ሆኑ። ይህ ግምታቸውን ያጸና ውጤት ነበር። ነገር ግን ይህንኑ በራሂ በአይጥ ሕዋሳት ውስጥ ሲያስገቡ ቫይረሱ በገጻቸው ላይ ይጣበቃል እንጂ ወደ ውስጥ ሊገባ አልቻለም። በሩ አለ፣ ነገር ግን አይከፈትም።

ተመራማሪዎቹ ይህን ያልተሳካ ውጤት ሳይሸሽጉ ከተሳካው ጋር አብረው አሳተሙት። በመሆኑም «በሰው ሕዋስ ውስጥ ያለ፣ በአይጥ ሕዋስ ውስጥ የጎደለ ሌላ ነገር አለ» የሚለው ጥያቄ ለሌሎች ተላልፎ ዐሥር ዓመት ያህል ሲያመራምር ቆየ። በ1996 ኤድዋርድ በርገርና ባልደረቦቹ ሁለተኛውን ተቀባይ አገኙ፤ በዚያው ዓመት ሲሲአር 5 የተባለ ሌላ ረዳት ተቀባይም በበርካታ ላቦራቶሪዎች ተለየ። ቫይረሱ በመጀመሪያ ሲዲ 4ን ይይዛል፤ በዚህ ጊዜ ቅርጹ ይለወጥና ሁለተኛውን ተቀባይ ለመያዝ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ ይገባል። ሲሲአር 5ን የሚዘጋ መድኃኒት በ2007 ለአገልግሎት መፈቀዱ ከ1986ቱ ያልተሳካ ሙከራ የጀመረ መንገድ ፍጻሜ ነው ሊባል ይቻላል።

5. ፕሮቲኑ ቁጥር ሆነ

ኤች አይ ቪ በሰውነት ውስጥ እየተራባ ሲሄድ የሲዲ 4 ሕዋሳት ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል። ስለዚህ ሕዋሳቱን መቁጠር የበሽታውን ደረጃ ማወቂያ ሆነ። በ1993 በአሜሪካ የወጣው የኤድስ ትርጓሜ፣ ቁጥሩ ከ200 በታች የሆነ የቫይረሱ ተሸካሚ የበሽታ ምልክት ባይታይበትም እንኳ ኤድስ እንዳለበት እንዲቆጠር ደነገገ። ይኸው 200 የሚለው መስመር መድኃኒት መጀመሪያውን ጊዜ ለመወሰንም በድሆች አገሮች መመሪያ ውስጥ ገባ።

መስመሩ ግን ባለበት አልቆየም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አደረገው። በ2015 ደግሞ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢሆን ቫይረሱ በደሙ የተገኘበት ሁሉ መድኃኒት እንዲጀምር መከረ፤ ኢትዮጵያም ይህንኑ አሠራር ተከትላለች። ከዚህ ወዲህ የሲዲ 4 ቆጠራ በሽታው የጠናበትን ሰው ለይቶ ልዩ እንክብካቤ ለመስጠት ያገለግላል እንጂ መድኃኒት ለመከልከያ አያገለግልም። በ2005 «ገና ነህ» የተባለ ሰው በ2015 «ዛሬውኑ ጀምር» ይባል ነበር። በሁለቱ ዓመታት መካከል የሰው አካል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዕውቀቱ፣ የመድኃኒቱ ዋጋና አቅርቦቱ ነው።

6. የማን ልክ?

ከዚህ ሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም የጤነኛ ሰው የሲዲ 4 ቁጥር ስንት ነው የሚል ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው መልስ በአመዛኙ በአውሮፓና በአሜሪካ ጤነኞች ላይ የተለካ ነበር።

በ1994 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ይከታተል ነበር። ተመራማሪዎቹ ከቫይረሱ ነጻ የሆኑትን 485 ጎልማሶች መርምረው በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ የጤነኞቹ ኢትዮጵያውያን አማካይ የሲዲ 4 ቁጥር 775 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ለንጽጽር ከቀረቡት ከኔዘርላንድስ ጤነኞች ቁጥር ጋር ሲተያይ ይህ በግልጽ ዝቅ ያለ ነበር። ያለ በሽታ በሥራቸው ላይ የሚገኙ ሠራተኞች በሌላ አገር ልክ ቢመዘኑ ጥቂት የማይባሉት የጎደለባቸው ሊመስሉ ይችሉ ነበር ማለት ነው።

ይህን የመሰለ ውጤት ሲገኝ ሁለት የተሳሳቱ ድምዳሜዎች ፈጥነው ይመጣሉ። የመጀመሪያው «የኢትዮጵያውያን በራሂ ደካማ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቁጥሩ ዝቅ ስላለ በቫይረሱ ቢያዙ ቶሎ ይሞታሉ» የሚል ነው። ሁለቱም በጥናት ተፈትሸዋል።

የመጀመሪያውን በሚመለከት፣ ሕፃናት በሚወለዱበት ጊዜ የኢትዮጵያውያኑና የኔዘርላንዳውያኑ የቲ ሕዋሳት ይዞታ ተቀራራቢ እንደ ነበርና ልዩነቱ የሚጎላው ከልደት በኋላ ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ መሆኑ በ2003 በወጣ ጥናት ታየ። ወደ እስራኤል በፈለሱ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገና በ1998 የታተመ ምርምርም ወደዚሁ ያመለክታል። በቅርብ ጊዜ የደረሱትና ብዙ የአንጀት ትላትል የተገኘባቸው ሰዎች ሲዲ 4 ሕዋሳት ዝቅ ያሉ ሲሆኑ፣ የመከላከያ ሥርዓታቸውም ያለ ዕረፍት በሥራ ላይ የነበረ ነው። በዚያ አገር ቆይተው ከትላትል ነጻ በሆኑት ወገኖቻቸው ላይ ግን ይህ ሁኔታ አልታየም። የአንድ አገር ልጆች፣ የአንድ ዘር ሰዎች ናቸው፤ የተለወጠው የሚጠጡት ውኃ፣ የሚረግጡት አፈርና የሚያገኙት ሕክምና ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ከደም የተወረሰ ሳይሆን በአብዛኛው ከአካባቢ የተገኘ ነው ለማለት ጠንካራ ምክንያት አለ።

ሁለተኛውን በሚመለከት፣ በእነዚሁ የፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ በ2005 የታተመ ክትትል፣ ቫይረሱ ከመያዙ በፊት የነበረው ዝቅተኛ የሲዲ 4 ቁጥር የበሽታውን ግስጋሴ እንዳላፋጠነ አረጋገጠ። የአንድ ኔዘርላንዳዊ ቁጥር ከ1000 ተነሥቶ 500 ቢደርስ ግማሹን አጥቷል፤ የአንድ ኢትዮጵያዊ ቁጥር ከ600 ተነሥቶ 500 ቢደርስ ያጣው አንድ ስድስተኛውን ብቻ ነው። ቁጥሩ አንድ ዓይነት፣ ትርጉሙ ግን የተለያየ ነው። መነሻው ሳይታወቅ መድረሻው ብቻ ቢነበብ ሊያሳስት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

7. ለትምህርት ሥራ የሚሰጠው ፍሬ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጭዎች ቢያንስ ሦስት ቁም ነገሮችን ያስገነዝባል።

አንደኛ፣ ሳይንስ በክፍል ውስጥ በአብዛኛው የሚቀርበው ውጤቱ ብቻ ነው። «ኤች አይ ቪ ሲዲ 4 ያላቸውን ሕዋሳት ያጠቃል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ተማሪው በቃሉ አጥንቶ ፈተና ያልፋል። ነገር ግን የአይጡ ሕዋስ ለምን ሳይያዝ ቀረ ብሎ መምህሩ ቢጠይቀውና መልሱን ሳይነግረው ለአንድ ሳምንት ቢያቆየው፣ ተማሪው ያልተሳካ ሙከራ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያስተምር መሆኑን ይማራል። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ተማሪዎች በሰዎች መካከል የሚታየውን ልዩነት ሁሉ «የዘር ነው» ብለው እንዳይደመድሙ ይህ ምሳሌ ጥሩ መከላከያ ነው። በራሂው በአዲስ አበባም፣ በአምስተርዳምም፣ በኢየሩሳሌምም በሚኖር ሰው 12ኛ ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ የሚወጣው ቁጥር ግን ሰውየው የኖረበትን ሁኔታ አብሮ ይዞ ይመጣል። ከ2015 ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የአንጀት ትላትል መድኃኒትም በዚህ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። መምህሩ መድኃኒቱ በሚታደልበት ዕለት ተማሪዎቹን ከማሰለፍ አልፎ፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት በሰውነት ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት ሥራ እንዴት እንደሚያቃልሉ ቢያስረዳ፣ የባዮሎጂው ትምህርትና የጤና አጠባበቁ አንድ ይሆናሉ።

ሦስተኛውና ዋነኛው ነገር የልክ ጉዳይ ነው። ዕቅድ አውጭ ያለ መለኪያ ሊሠራ አይችልም። የተማሪና የመምህር ጥምርታ፣ የማንበብ ፍጥነት፣ የማለፊያ ነጥብ፣ ለዕድሜ ተገቢ የሆነ ቁመትና ክብደት፣ እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከሌላ አገር የተገኙ ናቸው። ከውጭ መምጣታቸው በራሱ ነቀፋ አይደለም፤ የ200 መስመርም ቢሆን በጊዜው መድኃኒት እጅግ ጥቂት ስለ ነበር በሞት አፋፍ ላይ ያሉትን ለማስቀደም ረድቷል። ጥፋት የሚሆነው መለኪያው በማን ላይ እንደ ተለካ ሳይጠየቅ ሲቀርና ከመለኪያው ዝቅ ብሎ የተገኘው ሕፃን ሁሉ ጉድለቱ የራሱ እንደ ሆነ ሲቆጠር ነው።

የአቃቂና የወንጂ ሠራተኞች የሰጡት ደም ያስገኘው ዕውቀት ከአንድ በሽታ ወሰን ያለፈ ነው። ተመራማሪዎቹ የውጭውን ልክ ተቀብለው የራሳችን ሰዎች ጎደሎ ናቸው አላሉም፤ ልኩንም የባዕድ ነው ብለው አልጣሉትም። የራሳቸውን ጤነኞች ቆጠሩ፣ ካገኙት ልዩነት ምክንያቱን ፈለጉ፣ ልዩነቱ ጉዳት ማምጣት አለማምጣቱንም ለዓመታት ተከታትለው አረጋገጡ። በየክፍሉ፣ በየወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በየዕቅድ መምሪያው ቁጥር ይዘን በምንቀመጥበት ጊዜ እነዚህን ሦስት እርምጃዎች በቅደም ተከተል መከተል ይቻለናል።